በሰባተኛው ወረዳ ደጃፎች፦ ዱ ቦይስ በፊላደልፊያና የሶሲዮሎጂ አጀማመር

በ1896 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በፊላደልፊያ ከተማ የሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ28 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ቀጠረ። ደመወዙ በዓመት 900 ዶላር ነበር። የሥራ መደቡ «የሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ረዳት» ቢባልም ቢሮ አልተሰጠውም፤ እንዲያስተምር ክፍል አልተመደበለትም፤ ስሙም ከዩኒቨርሲቲው የመምህራን ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቀረ። የተሰጠው ሥራ የከተማዋ ጥቁሮች በብዛት የሚኖሩበትን ሰባተኛ ወረዳ ማጥናት ብቻ ነበር። ይህ ሰው ዊልያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱ ቦይስ ነው። ከዚያ ሥራ የወጣው «የፊላደልፊያ ጥቁሮች» የተሰኘ ጥናት በ1899 ታተመ።

ስለ ሶሲዮሎጂ አመጣጥ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሡት አውሮፓውያኑ ኮንት፣ ዱርካይምና ዌበር ናቸው። መነሣታቸው ተገቢ ነው። አንድ የዕውቀት ዘርፍ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዴት ሥር እንደሚይዝ፣ ማን በበሩ እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚቀር በአንድ ጊዜ ለማየት ግን ከፊላደልፊያው ጉዳይ የተሻለ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መከታተል ይበጃል።

ስሙ ከግቢው ውስጥ፣ ሥራው ከግቢው ውጭ

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም በ1839 በታተመ ሥራው ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኦግስት ኮንት ነው። ኮንት አንድም ቀን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሳያገኝ በ1857 ሞተ። ዘርፉ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከእሱ በኋላ በነበረው ትውልድ ነው። ኤሚል ዱርካይም ከ1887 ጀምሮ በቦርዶ ማኅበራዊ ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ የጥናት ዘዴ ደንቦቹን በ1895፣ ራስን ስለ ማጥፋት የጻፈውን ጥናት በ1897 በመጽሐፍ አወጣ። አሜሪካ ውስጥ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1892 ትምህርት ሲጀምር የሶሲዮሎጂ ክፍል አብሮ ተከፈተ፤ የክፍሉ ኃላፊ አልቢዮን ስሞልም በ1895 የአገሪቱን የመጀመሪያ የሶሲዮሎጂ መጽሔት መሠረተ።

እንግዲህ በ1896 ስሙም ወንበሩም መጽሔቱም ነበር። የጎደለው ሥራው ራሱ ነው። የዘመኑ አሜሪካውያን ሶሲዮሎጂስቶች አብዛኞቹ የእንግሊዛዊውን ኸርበርት ስፔንሰርን መንገድ ተከትለው ስለ ኅብረተሰብ አጠቃላይ እድገት፣ ስለ ዘሮች ደረጃና ስለ ሥልጣኔ ሕግጋት የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ማስረጃቸውን የሚለቅሙት ከመንገደኞች ማስታወሻና ከሌሎች መጻሕፍት ነው። አንድን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ዞሮ፣ ሰዎቹን አነጋግሮ፣ ያገኘውን ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው በመካከላቸው ማግኘት ይቸግር ነበር።

እንዲህ ያለው ሥራ ይካሄድ የነበረው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ነው። በለንደን የመርከብ ድርጅት ባለቤቱ ቻርልስ ቡዝ በራሱ ገንዘብ የከተማዋን ድህነት ሲያጠና ቆይቶ ከ1889 ጀምሮ ውጤቱን በተከታታይ ጥራዞች ያወጣ ነበር፤ እያንዳንዱ መንገድ እንደ ነዋሪዎቹ ኑሮ በቀለም የተለየበት ካርታም ነበረው። በቺካጎ ደግሞ ጄን አዳምስ በመሠረተችው ሀል ሀውስ በተባለ የበጎ አድራጎት ተቋም ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሴቶች፣ ከእነሱም ዋነኛዋ ፍሎረንስ ኬሊ፣ የአካባቢያቸውን ስደተኛ ሠራተኞች ደመወዝና የትውልድ አገር በካርታ ላይ አስፍረው በ1895 አሳተሙ። ነጋዴውና የበጎ አድራጎት ሴቶቹ ሲቆጥሩ ፕሮፌሰሮቹ ይተነትኑ ነበር። ሁለቱን ያገናኘው ዱ ቦይስ ነው፤ ያውም ዩኒቨርሲቲው በግማሽ እጁ ብቻ በተቀበለው ጊዜ።

ሰውየው ወደዚያ እንዴት ደረሰ

ዱ ቦይስ በ1868 በማሳቹሴትስ በምትገኝ ግሬት ባሪንግተን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቴነሲ ውስጥ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ በፊስክ ሲማር በዕረፍት ወራት ወደ ገጠር እየወጣ ያስተምር ነበር፤ ከባርነት ከወጡ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ቤተሰቦች ኑሮ በቅርበት ያየው ያኔ ነው። ከዚያ ሃርቫርድ ገባ። ሃርቫርድ በወቅቱ ሶሲዮሎጂን እንደ ሳይንስ ስለማይቆጥር ታሪክ አጠና። ከ1892 እስከ 1894 በበርሊን ከጉስታቭ ሽሞለር እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ሽሞለር የሚያስተምረው ስለ ኢኮኖሚና ስለ ኅብረተሰብ ሕግ ከማውጣት በፊት ማስረጃን በትዕግሥት፣ ከታሪክና ከስታቲስቲክስ፣ ከቦታው መሰብሰብን ነው። በበርሊን የዶክትሬት ማዕረግ ለመያዝ ጥቂት ሲቀረው ወጪውን የሚሸፍንለት ድርጅት ገንዘቡን አልቀጥልም አለ፤ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ መታገድ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፉ ሃርቫርድ ባስጀመረው የታሪክ ጥናቶች ተከታታይ ኅትመት የመጀመሪያው ጥራዝ ሆኖ ወጣ።

ከበርሊን ተመልሶ ያገኘው ሥራ በኦሃዮ በሚገኘው ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ላቲን፣ ግሪክ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ማስተማር ነበር። በትርፍ ሰዓቴም ቢሆን ሶሲዮሎጂ ላስተምር ብሎ ቢጠይቅ አልተፈቀደለትም። የፊላደልፊያው ጥሪ የደረሰው በዚህ መካከል ነው።

ጥሪው ከየት መጣ? ከፊላደልፊያ የታወቁ ቤተሰቦች የምትወለደውና በሰባተኛው ወረዳ በሚሠራው ኮሌጅ ሴትልመንት በተባለ የበጎ አድራጎት ተቋም የምትሳተፈው ሱዛን ዋርተን ጥናቱ እንዲካሄድ ጠየቀች፤ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ቻርልስ ሃሪሰን ተስማሙ፤ የሶሲዮሎጂ መምህሩ ሳሙኤል ሊንዚ ነገሩን ያዘው። የከተማዋ አስተዳደር በሙስና የተበከለ ነበር፤ ተሐድሶ ፈላጊዎቹ ባለጠጎች ደግሞ ለዚህ ጥፋት ዋነኛ ምክንያት የጥቁሮች ወንጀልና ድምፅ ሻጭነት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዱ ቦይስ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ጻፈው የተፈለገው ይህን እምነት በሳይንስ ማኅተም ማጽናት ነው። እሱ ግን ያን ጊዜ ከበስተጀርባ ስላለው ሐሳብ አላወቀም፣ ሊያውቅም አልፈለገም። አንድን የጥቁር ሕዝብ ማኅበረሰብ ከነታሪኩ ለማጥናት የሚያስችል ዕድል አየና ያዘው።

ለጥናቱ ጥራት ቁልፉ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠያቂዎቹ መልሱን አስቀድመው ይዘዋል፤ አጥኚው ደግሞ ጥያቄውን ለወጠው። «ጥቁሮች ለከተማዋ ምን ዓይነት ችግር ናቸው?» የሚለውን ትቶ «እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወዳሉበት ኑሮ እንዴት መጡ? ምንስ ይዟቸዋል?» ብሎ ተነሣ።

ከደጅ ደጅ

ወረዳው ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከሰባተኛው መንገድ እስከ ስኩልኪል ወንዝ፣ ከስፕሩስ እስከ ሳውዝ መንገድ። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ቁጥር በዱ ቦይስ ቆጠራ 9,675 ነበር። ዱ ቦይስ ገና በዚያው ዓመት ሜይ ካገባት ከባለቤቱ ከኒና ጋር ኮሌጅ ሴትልመንት ከሚያስተዳድረው ምግብ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቀመጠ፤ ቤቱ በሰባተኛውና በሎምባርድ መንገዶች መገናኛ፣ ከወረዳው ሁሉ በከፋው ክፍል ነበር። በሰፈሩ ግድያ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ፣ መንግሥታቸው ፖሊስ እንደ ነበረና በጎ አድራጊዎች አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ምክር ይሰጧቸው እንደ ነበር ራሱ ጽፎታል።

ሥራው በኦገስት 1896 ተጀመረ። ስድስት ዓይነት መጠይቅ አዘጋጀ፦ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለእያንዳንዱ ሰው፣ አንዱ ለመኖሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለመንገዱና ለጎረቤት፣ አንዱ ለማኅበራትና ለተቋማት፣ አንዱ ደግሞ በአሠሪዎቻቸው ቤት ለሚያድሩ የቤት ሠራተኞች። ከዚያ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየዞረ አንኳኳ። በአብዛኛው በር የምትከፍትለት የቤቱ እመቤት ናት፤ አንዳንዴ አያቲቱ ወይም ልጅ። በየቤቱ በአማካይ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይቆያል። ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ቤቱንም ይመለከታል፤ ንግግሩ ከመጠይቁ ወጥቶ ወደ ኑሮ ሲሄድ ይከተላል።

የሰፈሩ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሉትም። እንደ እንግዳ ፍጡር መመርመርን ማን ይወዳል? ዱ ቦይስም ይህ ቅሬታ ተገቢ መሆኑን አልካደም፤ ስለ ራሱ ወገኖች አውቃለሁ ብሎ ያሰበው ብዙው ነገር እንደማያውቀው የተገነዘበው በዚያ ወቅት መሆኑን ተናግሯል። የሃርቫርድና የበርሊን ተማሪ፣ የኒው ኢንግላንድ ትንሽ ከተማ ልጅ፣ ከደቡብ ፈልሳ የመጣች ልብስ አጣቢ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መማር ነበረበት።

ስለ ዘዴው የጻፈው ነገር ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። በመቅድሙ አካባቢ፣ ያሉት የጥናት ዘዴዎች ሁሉ ለስሕተት የተጋለጡ መሆናቸውን፣ አጥኚውም የራሱ የሥነ ምግባር እምነት ወይም አስተዳደጉ ያመጣው ዝንባሌ ያየውን እንዳያዛባበት መንቀጥቀጥ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ቀጥሎ አንድ መከላከያ ያቀርባል፤ ቆጠራውን ከዳር እስከ ዳር የሠራው አንድ ሰው ስለሆነ የግል ዝንባሌው ቢኖርም ከቤት ቤት የሚለዋወጥ አይደለም። ሃያ ቆጣሪ ቢሰማራ ሃያ ዓይነት ሚዛን ይኖር ነበር። ይህን ክርክር ሊቀበሉት ወይም ሊሞግቱት ይቻላል። ነገር ግን በ1890ዎቹ ከነበሩ የአሜሪካ ሶሲዮሎጂስቶች መካከል ስለ ራሱ አድልዎ እንዲህ አስቦ የጻፈ ብዙ አልነበረም።

በቆጠራው ብቻም አልቆመ። የሕዝብ ቆጠራ መዛግብትን፣ የእስር ቤት መዝገቦችን፣ የሞት ቁጥሮችን፣ የድሮ ሕጎችንና የአብያተ ክርስቲያናት ሰነዶችን አገላበጠ። በጁላይና በኦገስት 1897 ወደ ቨርጂኒያ ወርዶ ፋርምቪል የተባለችውን ትንሽ ከተማ አጠና፤ ከፊላደልፊያ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ አካባቢ ስለሆነ ፍልሰቱን ከመነሻው ማየት ፈለገ። ስለ ቤት ሠራተኞች የተለየ ጥናት ያካሄደችው ደግሞ ኢዛቤል ኢተን ናት፤ ሥራዋ በመጽሐፉ ውስጥ በስሟ ታትሟል።

የተገኘው

የጥናቱ ትልቁ ውጤት አንድ ቁጥር አይደለም። አንድ ወጥ ተደርጎ የሚታየው «ጥቁር ሕዝብ» በውስጡ ልዩ ልዩ የኑሮ ደረጃዎች ያሉት ማኅበረሰብ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ዱ ቦይስ የወረዳውን ካርታ ቤት በቤት በአራት ቀለም ከፈለው፤ መካከለኛውና ከዚያ በላይ ያለው መደብ፣ ሥራ ይዞ ደህና የሚኖረው ሠራተኛ፣ ድሃው፣ በመጨረሻም ወንጀለኛ ብሎ የጠራው ክፍል። ነጮች ስለ ጥቁሮች ሲፈርዱ ከዚህ ሁሉ የሚያዩት የመጨረሻውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ።

ሁለተኛው ውጤት ታሪክ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራሉ። ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ በ1787 ያቋቋሙት የነጻ አፍሪካውያን ማኅበር፣ በ1793 የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ጊዜ ጥቁሮች በሽተኛ ለማስታመምና ሙታንን ለመቅበር መውጣታቸው፣ በ1838 የፔንሲልቬኒያ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብታቸውን መንጠቁ፣ ቤታቸውን ያቃጠለው የነጮች ሁከት፣ መምህሩ ኦክታቪየስ ካቶ በ1871 በምርጫ ቀን መገደሉ ተተርኳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የከተማዋን የድግስ ሥራ ተቆጣጥረው የነበሩ፣ ሀብትና ክብር ያፈሩ ጥቁር የምግብ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሥራው መልክ ተለውጦ ትልቅ ካፒታል ሲፈልግ ቦታቸውን አጡ። ስለዚህ የዛሬው ድህነት ከደም የመጣ ባሕርይ አይደለም፤ በየጊዜው የተገነባና የተናደ ኑሮ ነው። በዘመኑ የዘር ደረጃ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚሉ ምሁራን የበዙበት መሆኑን ካስታወስን የዚህ ክርክር ክብደት ይገባናል።

ከሁሉ የሚያሳምነው ስለ ሥራ የተጻፈው ክፍል ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ጥቁሮችን አያስገቡም፤ ፋብሪካዎች አይቀጥሩም፤ የተማረው ልጅ የሚጠብቀው የአሳላፊነት ሥራ ነው። ዱ ቦይስ ምሳሌዎቹን ያለ ምንም ማጋነን አንድ በአንድ ይደረድራል። አንዱ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በሜካኒካል ምሕንድስና ያስመረቀው ወጣት ነው። በጥሩ ውጤቱ በማስታወቂያ ሥራ አገኘ፤ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ጥቁር መሆኑ ስለታወቀ ተባረረ። ጥናቱ በተጻፈበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ክለብ አስተናጋጅ ነበር፤ ነጮቹ የክፍል ጓደኞቹ እራት የሚበሉት እዚያው ነው። ጥናቱን ያዘዘው ተቋም ይህን ዓረፍተ ነገር በራሱ ኅትመት አወጣው።

የቤት ኪራይም እንዲሁ። ጥቁሮች ለባሰ ቤት የበለጠ ይከፍሉ ነበር፤ ሥራቸው መሃል ከተማ ባሉ ባለጠጎች ቤት ስለሆነ ርቀው መኖር አይችሉም፤ ሌላ ሰፈር የሚያከራያቸውም የለም። ኪራዩን ለመሸፈን ደባል ያስገባሉ፤ መጨናነቁም ቤተሰቡን ያውካል። ውጫዊው ተመልካች «የቤተሰብ ሥርዓት የላቸውም» ብሎ የሚፈርድበትን ነገር ዱ ቦይስ እስከ ኪራይ ደረሰኙ ወርዶ ምክንያቱን አሳየ። ስለ ወንጀልም ሲጽፍ ቁጥሩን አልደበቀም፤ ፍርድ ቤት ግን ሁልጊዜ ከድሃው ይልቅ ለሀብታሙ፣ ከጥቁሩ ይልቅ ለነጩ እንደሚያደላ አስገንዝቦ የእስር መዝገብ የወንጀል ትክክለኛ ልክ አለመሆኑን አስጠነቀቀ። ይህ ትምህርት በሶሲዮሎጂ ውስጥ በሰፊው ተቀባይነት እስኪያገኝ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን የጻፈውም ልዩ ነው። ባርነት ቤተሰብን ሲበትን የተረፈችው የመሰባሰቢያ ተቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች፣ ከጸሎት በተጨማሪ ጋዜጣቸው፣ ሥራ ማፈላለጊያቸው፣ መረዳጃ ዕድራቸውና መዝናኛቸው እንደ ነበረች ያሳያል።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አራተኛውን መደብ «ክፉዎችና ወንጀለኞች» ብሎ መጥራቱ ከጥናት ይልቅ ፍርድ ነው። ስለ ድሆቹ የጋብቻ ሁኔታና ስለ መዝናኛቸው ሲጽፍ የዘመኑ የጨዋ ሰው ሥነ ምግባር ይጫነዋል፤ የተማረው ክፍል ሌላውን ማንሣት አለበት የሚለው እምነቱም ያየውን አንዳንዴ ያጠበዋል። በመደምደሚያው የጥቁሮችንም የነጮችንም ግዴታ ለይቶ መጻፉ ስብከት የሚመስልበት ቦታ አለ። መንቀጥቀጥ አለብን ያለው የግል ዝንባሌ እሱንም አልማረውም። ቢሆንም ማስረጃውን ሳይደብቅ ስላስቀመጠ ዛሬ እሱን ለመሞገት የምንጠቀመው የራሱን ሠንጠረዦች ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በኖቬምበር 1897 ዱ ቦይስ እዚያው ፊላደልፊያ ለአሜሪካ የፖለቲካና የማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ ንግግር አደረገ። የጥቁሮችን ኑሮ በአራት መንገድ ማጥናት ያስፈልጋል አለ፤ በታሪክ፣ በስታቲስቲክስ፣ በአካል ልኬትና በሶሲዮሎጂያዊ ትንተና። ሃርቫርድን፣ ኮሎምቢያን፣ ጆንስ ሆፕኪንስንና የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ታላላቅ ተቋማት በደቡብ ከሚገኝ አንድ የጥቁሮች ኮሌጅ ጋር ተባብረው ቋሚ የጥናት ማዕከል እንዲያቆሙም ሐሳብ አቀረበ። እርሻውን ያሳያቸው ሰው ዘሩንና መሬቱን ዘርዝሮ ጠየቀ፤ ማንም በሬ አላመጣም። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲም ሥራውን ካስጨረሰው በኋላ የመምህርነት ቦታ ይሰጠው ዘንድ ያሰበ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ይህ የጥቁሮች ተቋም ድሃ ነበር፤ ሆኖም በየዓመቱ ስለ ጥቁሮች ኑሮ የሚካሄድ ጉባኤ ጀምሮ ነበርና ዱ ቦይስ ተረከበው። ዕቅዱ ለማመን የሚያስቸግር ነው። አሥር ርእሶችን መርጦ በየዓመቱ አንዱን ማጥናት፣ አሥሩ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት፣ ይህንንም ለ100 ዓመት መቀጠል። አንድ ኅብረተሰብ በዓይን ፊት እየተለወጠ ሳለ ለውጡን በየአሥር ዓመቱ በተመሳሳይ መለኪያ መመዝገብ ማለት ነው። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ኮሌጅ ምሩቃን፣ ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ የእጅ ባለሙያዎች፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ የወጡት ጥራዞች የዚህ ዕቅድ ፍሬዎች ናቸው። በ1900 ከተማሪዎቹ ጋር በእጅ የሣላቸውን ባለቀለም የስታቲስቲክስ ሥዕላዊ መግለጫዎች የያዘው ትርኢት በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀረበ። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ሥራውን አውቆ ጽሑፍ ጠየቀው፤ ጽሑፉም በ1906 ዌበር ከሚያዘጋጁት አንዱ በሆነበት መጽሔት በጀርመንኛ ወጣ።

ሳይንስ ብቻውን በቂ ነው የሚለው እምነቱ የተናጋው ግን በ1899 ነው። በኤፕሪል ወር ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ከአትላንታ ብዙም በማይርቅ ቦታ በሕዝብ ፊት በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። ዱ ቦይስ በጉዳዩ ላይ የጻፈውን ደብዳቤ ይዞ ወደ ከተማው ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ የሟቹ የጣት አጥንቶች በመንገዱ ላይ ባለ ሱቅ ለዕይታ መቀመጣቸውን ሰማ። ተመልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ሰዎች እየተገደሉና እየተራቡ ጸጥ ያለና ገለልተኛ ሳይንቲስት ሆኖ መቀመጥ እንደማይቻል፣ ለሚሠራው ሳይንስም እውነተኛ ፈላጊ እንዳልነበረ የተረዳው በዚያ ጊዜ እንደሆነ ጽፏል። በሚቀጥለው ወር የአንድ ዓመት ተኩል ልጁ በርግሃርት በዲፍቴሪያ ሞተ።

ፈላጊ አለመኖሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የላውንድስ ጉዳይ ነው። በ1906 ለአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ቢሮ በአላባማ የላውንድስ ካውንቲን የጥቁር ገበሬዎች ኑሮ ከረዳቶቹ ጋር አጠና፤ የመሬት ይዞታውን፣ ዕዳውን፣ የምርጫ ሁኔታውን በጥልቀት። ዱ ቦይስ ከሁሉ የተሻለ ሥራዬ ነው ይለው ነበር። ቢሮው ፖለቲካ ይነካል ብሎ አላሳተመውም፤ ቅጂው እንዲመለስለት ሲጠይቅም መጥፋቱ ተነገረው። በ1910 አትላንታን ለቆ የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ማኅበር መጽሔት ለማዘጋጀት ኒው ዮርክ ገባ። የ100 ዓመቱ ዕቅድ በዚህ ተቋረጠ።

ሮበርት ፓርክ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ1914 ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከተማን በእግር እየዞሩ ማጥናትን ያስፋፉ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ በማስረጃ ላይ የቆመው የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ የሚጀምረው ከእነሱ ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ቺካጎዎቹ ተማሪ፣ መጽሔት፣ ማተሚያ ቤትና ገንዘብ ነበራቸው። ትልቅ ሥራ መሥራታቸውን አልክድም። ነገር ግን «መጀመሪያ» የሚለው ማዕረግ የሚሰጠው ተከታዮችን ቀጥሮ ለማስቀጠል አቅም ላለው ከሆነ የዕውቀት ታሪክ የበጀት ታሪክ ብቻ ይሆናል፤ ይህን መቀበል አልችልም።

የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱን በዱ ቦይስ ስም የጠራው በ2006 ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2012 ከሞተ 49 ዓመት በኋላ የክብር ፕሮፌሰርነት ሰጠው። በሕይወቱ መጨረሻ በክዋሜ ንክሩማ ግብዣ ወደ ጋና ሄዶ ስለ አፍሪካ ታላቅ ኢንሳይክሎፔዲያ ለማዘጋጀት ጀምሮ ነበር፤ በ1963 በአክራ አረፈ። ከዚያ ሥራ በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ጥራዝ የኢትዮጵያንና የጋናን ታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ የያዘ ነው።

በ1905 ገደማ ጽፎት ሳይታተም የቆየና በ2000 ለኅትመት የበቃ አንድ አጭር ድርሰቱም አለ። በእሱ ውስጥ ኮንትንና ተከታዮቹን ይሞግታል፤ ረቂቅ «ኅብረተሰብ» ፈጥረው እውነተኛዎቹን ሰዎችና ሥራዎቻቸውን ዘነጉ ይላል። የሶሲዮሎጂ ሥራ በሰው ድርጊት ውስጥ ሕግና ልማድ እስከ የት እንደሚገዙ፣ የሰው ምርጫና አጋጣሚ ከየት እንደሚጀምሩ መለካት ነው ብሎ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ከወረዳው ደጃፎች የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኪራይ ዋጋና የዘር አድልዎ አጥር ምን ያህል እንደሚያጥሩ በሠንጠረዥ ያየ፣ በዚያው አጥር ውስጥ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኑሮ ምን ያህል የተለያየ መሆኑንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ያየ ሰው ነውና።

መጽሐፉን ለማንበብ ለሚፈልግ ምክሬ ከሥራ ምዕራፍ እንዲጀምር፣ ቀጥሎ ወደ ታሪኩ እንዲመለስ ነው። ለማስተማር የሚፈልግ ደግሞ መጨረሻውን ይክፈት። ዱ ቦይስ የተጠቀመባቸው መጠይቆች ጥያቄ በጥያቄ እዚያ ታትመዋል፤ ተማሪዎች በራሳቸው ሰፈር ይዘውት ሊወጡና የትኛው ጥያቄ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚያስቀይም፣ የትኛው መለወጥ እንዳለበት ከሰዎቹ ሊሰሙ ይችላሉ።